ልጅሽን ሲያተኩሰው ሽንቱን አትርሺ

ነይ እስቲ ወዲህ፣ እታለም። አንቀልባውን ፍቺና ልጁን ስጪኝ። እንዴ! ግንባሩ ይፋጃል እኮ። ስንት ቀኑ ነው? ሦስት? እስካሁን ዳማከሴ እያሸሽ ጠበቅሽ ማለት ነው። አልቆጣሽም፣ ሆዴ። እኛም ያደግነው በዳማከሴ ነው፤ እናታችን ትኩሳት ባየች ቁጥር ምች ነው ብላ ጓሮ ትወርድ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በደንብ ያዢልኝ። ሕፃን ልጅ አተኩሶት ሳል ከሌለው፣ ጆሮው ካላመመው፣ ተቅማጥ ካልያዘው፣ ወባም የለበትም ከተባለ፣ ትኩሳቱ ከሽንቱ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ካልተመረመረ ደግሞ ይህን የሚያውቅ የለም፤ አንቺም፣ እኔም፣ ሐኪሙም።

የኛ አገር ሰው ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ወባን ነው። እውነቱን ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በጣና ዙሪያ ያለው ሜዳ ወባ ይበረታበታል። ስለዚህ ልጁ ጣቱን ተወግቶ ደሙ ይታያል፤ «ወባ የለበትም» ሲባል እናቱ ተመስገን ብላ ትመለሳለች። እዚህች ላይ ቆም በይልኝ። ወባ ካልሆነ ምንድን ነው? ይህን ሳትጠይቂ ከጤና ጣቢያው በር አትውጪ።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ በጉማራ ላስረዳሽ፤ የአንበሳሜ ሰው ስለሆንሽ ወንዙን ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ ጣና ሲሞላ ጉማራና ርብ የሚገቡበት ያጣሉ። ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ሜዳው ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ደራን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ትልልቆቹ ዛሬም አልረሱትም። የልጅ ሽንትም አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ሁለቱ ኩላሊቶች ሽንቱን ያጣራሉ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ቀጭን ቧንቧ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ያ ቧንቧ ፊኛው ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ በግድግዳው ውስጥ አግድም ተጋድሞ ነው የሚያልፈው። ፊኛው ሲሞላና ልጁ ሲሸና ግድግዳው ቧንቧውን ተጭኖ ይዘጋዋል፤ ሽንቱም መሄጃው አንድ ብቻ ይሆናል፣ ወደ ውጭ። አንዳንድ ልጅ ግን ይህ የተጋደመው ክፍል አጥሮበት ይወለዳል። አፉ አይዘጋም። ሲሸና ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግማሹ ወደ ኩላሊቱ ይመለሳል። ሐኪሞች ሪፍለክስ ይሉታል፤ እኛ ሽንት ወደ ኋላ መመለስ እንበለው።

ንጹሕ ሽንት ቢመለስ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ፊኛው ውስጥ ጀርም ሲገባ ነው። ጀርሙም ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በብዛት ኢ. ኮላይ የሚባለው፣ ከልጁ ከራሱ አንጀት የሚወጣው ነው። የሚመለሰው ሽንት ጀርሙን ተሸክሞ ኩላሊቱ ላይ ያደርሰዋል። ኩላሊቱ ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይሆናል። የፎገራ ጎርፍ ሲሸሽ ለሩዝ የሚሆን ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ይህኛው የሚተወው ምንም የማይበቅልበትን ጠባሳ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይዞ ይወለዳል፤ ከተወለደ በኋላ አዲስ አይጨመርለትም። የጠፋው ጠፋ ነው።

ብዙ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሐኪሞች አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ ከሚያተኩሳቸው 100 ሕፃናት 7 የሚሆኑት የሽንት ኢንፌክሽን ይገኝባቸዋል። ኢንፌክሽኑ ከያዛቸው መካከል ሲሶ ያህሉ ሽንታቸው ወደ ኋላ የሚመለስ ነው። ከመጀመሪያው ኢንፌክሽን በኋላ ኩላሊታቸው ላይ ጠባሳ የሚቀርባቸው ከ100 ወደ 15 ይሆናሉ። አየሽ፣ አብዛኛው ልጅ ምንም ሳይሆን ይድናል። ልብሽ እንዲደነግጥ አልፈልግም፤ እግርሽ እንዲፈጥን ነው የምፈልገው። ትኩሳቱ ከጀመረ ሕክምናው 48 ሰዓት ካለፈው የጠባሳው ዕድል ይጨምራል። ሦስት ቀን ዳማከሴ ማሸት ለምን እንዳሳሰበኝ አሁን ገባሽ?

አንድ በይ። ምልክቱን እወቂ። ጡት የሚጠባ ልጅ «ሽንቴን አቃጠለኝ» አይልም፤ አፉ ገና አልተፈታ። ትኩሳቱ 38 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት እንቢ ይላል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ወይም ኪሎው አልጨምር ይላል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ሲሸና ያለቅሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ከእምብርቱ በታች ወይም ጎኑን ያመዋል፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይጀምረዋል። ሽንቱ ሊደፈርስ፣ ሊሸት፣ ደምም ሊቀላቅል ይችላል። ሽንቱ ውስጥ ደም ካየሽ «የጣና ቢልሃርዚያ ነው» ብለሽ አትለፊው፣ የኔ ማር፤ በጣና ዳር ያለው ቢልሃርዚያ የሚያጠቃው አንጀትን ነው። ሽንትን የሚያደማው ዓይነት የሚገኘው እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ቆላዎች ነው። ስለዚህ ደሙን ላብራቶሪ ይየው።

ወንድ ልጅ ካለሽ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ሲሸና እዪው። የወንድ ሕፃን ሽንት ቀስት ሠርቶ ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ አንቺንም ስንቴ አርጥቦሻል። ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ሲያምጥ ካየሽው፣ ከሸና በኋላም ሆዱ ከእምብርቱ በታች ከጠነከረ፣ መውጫው ላይ አብሮት የተወለደ ስስ ሽፋን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም። ሁለቱንም ኩላሊት ያበላሻል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ሐኪሞች ሽፋኑን ይከፍቱታል።

ሁለት። ሽንቱን በደንብ ስጪ። ጤና ጣቢያ ስትገቢ በትሕትና ግን ፈርጠም ብለሽ «ሽንቱስ አይታይም ወይ?» በይ። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣሽም የልጅሽ ኩላሊት ከአንድ ሰው ቁጣ ይበልጣል። ከዳይፐር ወይም ከጨርቅ ላይ የተጨመቀ ሽንት ለምርመራ አይሆንም። ብልቱን በንጹሕ ውኃ እጠቢው፣ የላብራቶሪውን ንጹሕ ዕቃ ያዢ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ አሳልፈሽ መሃሉን ተቀበዪ። ሕፃን ከሆነ አጥቢውና ጠብቂ፤ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ ከእምብርቱ በታች ክብ እየሠራሽ ቀስ ብለሽ አሻሺው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲህ ከተደረገላቸው ሕፃናት 31 በመቶው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሲሸኑ፣ ካልተደረገላቸው 12 በመቶው ብቻ እንደሸኑ አሳይቷል። የሽንት ከልቸር የሚሠራበት ቦታ ከሆንሽ አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፤ የትኛው መድኃኒት ጀርሙን እንደሚገድለው የሚነግረን እሱ ነው።

ሦስት። መድኃኒቱን በወጉ ስጪ። ከጎረቤት የተረፈ ሽሮፕ አትበደሪ፣ እሺ? ሳታስመረምሪም ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተሽ አትጀምሪ፤ ኢ. ኮላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ መድኃኒት ጋር ተላምዷል፣ አይበገርም። ሐኪሙ 7 ቀን ካለ 7፣ 10 ካለ 10። ልጁ በሁለተኛው ቀን ሮጦ መጫወት ሲጀምር «ድኗል» ብለሽ ጠርሙሱን መስኮት ላይ የምታስቀምጪ አንቺ ነሽ፤ አውቅሻለሁ። ትኩሳቱ ቶሎ ይሄዳል፣ ጀርሙ ግን ተደብቆ ይቀራል። መድኃኒት ጀምሮ በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልቀነሰ ወይም ካስመለሰው ወዲያው ተመለሺ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎው መጠን ይበቃል፤ ዳይክሎፌናክ ውጉልኝ ብለሽ አትለምኚ፣ ውኃ ያነሰው ልጅ ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ጸበሉንም አልከለክልሽም፤ እምነትሽ ነው፣ እምነቴም ነው። ጸበሉን ስታጠጪው መድኃኒቱንም ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጪው። እግዜር የሐኪምንም እጅ ይባርካል።

አራት። ዳነ ብለሽ አትጥፊ። ብዙ እናት የምትሳሳተው እዚህ ነው። ከኢንፌክሽኑ በኋላ ኩላሊቱና ፊኛው በአልትራሳውንድ ይታይ። አልትራሳውንዱ ላይ የተለየ ነገር ከታየ ወይም ኢንፌክሽኑ ከተደጋገመ ሐኪሙ የፊኛ ኤክስሬይ ሊያዝ ይችላል። በቀጭን ቱቦ ፊኛው በቀለም ይሞላና ልጁ ሲሸና ፎቶ ይነሳል፤ ሽንቱ ወደ ላይ ይመለስ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ልጁ ያለቅሳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ግን አጭር ነው። መመለሱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። 1 እና 2 ከሆነ ልጁ ሲያድግ ቧንቧውም አብሮት ስለሚረዝም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተወዋል። 4 እና 5 ግን ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋሉ፣ አንዳንዴም ቧንቧውን እንደገና በደንብ አጋድሞ የሚተክል ቀዶ ሕክምና።

ለአንዳንድ ልጅ ሐኪሙ ማታ ማታ ትንሽ አንቲባዮቲክ ለወራት ሊያዝለት ይችላል። በዚህ ላይ አሜሪካ ውስጥ 607 ልጆች ለ2 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መድኃኒቱ የኢንፌክሽኑን መመላለስ በግማሽ ቀንሶታል፤ በጠባሳው ላይ ግን ልዩነት አላሳየም። ለልጅሽ ይጠቅመው እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ፤ ራስሽ አትጀምሪ፣ ራስሽም አታቋርጪ።

የሪፈር ወረቀት ከተሰጠሽ መሶብ ሥር አትደብቂው። በሐሙሲት በኩል ወጥተሽ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን አለ። የጤና መድን ካርድሽን በጊዜ አሳድሺ፤ ሪፈሩን ተከትለሽ ስትሄጂ ያኔ ነው ጥቅሙ የሚታይሽ። መድኑ ለሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ ለኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የልጁን የምርመራ ወረቀት በሙሉ በአንድ ፌስታል አድርጊ፣ ቀኑን ጻፊበት፣ በሄድሽበት ሁሉ ይዘሽው ሂጂ።

አምስት። ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ያንቺ ነው፣ የአባቱም ነው። ልጁ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይሽና፤ ጨዋታ ይዞት እግሩን አጠላልፎ ሲወዛወዝ ካየሽው «ሂድ ሽና!» በይው። የልጅ ፊኛ ትንሽ ናት። ዕድሜው ላይ 2 ደምሪና በ30 አባዢው፤ የ5 ዓመት ልጅ ከሆነ 210 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የውኃ ብርጭቆ ገደማ ነው የሚይዘው። ጧት ከቤት ወጥቶ እስከ ምሳ ከያዘው ከአቅሙ በላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ቆሻሻ ከሆነ ወይም በር ከሌለው፣ በተለይ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ይይዙታል፣ ላለመሽናትም ውኃ አይጠጡም። ልጅሽን ጠይቂያት፤ ከዚያ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሆነሽ የወላጅ ስብሰባ ላይ አንሺው። ስለ ሽንት ቤት መናገር ነውር አይደለም።

የሆድ ድርቀቱንም አትርሺ። አንጀት ሲሞላ ፊኛውን ይጫነዋል፣ ሽንቱም ሙልጭ ብሎ አይወጣም፤ የቀረው ሽንት ለጀርም ይመቻል። ጎመን፣ ሽምብራ፣ የባሕር ዳር ፓፓያና ማንጎ፣ ብዙ ውኃ። ሴት ልጅሽን ከተጸዳዳች በኋላ ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ አስተምሪያት፤ በተቃራኒው ከሆነ ጀርሙን በእጇ ታስገባዋለች። አልጋ ላይ የሸና ልጅ ደግሞ አይመታም፣ ምንጣፉም አደባባይ ተሰጥቶ አይሳቅበትም። በሽንቱ ያሳፈርሽው ልጅ ነገ ሲያቃጥለው አይነግርሽም። ያኔ ማን ይነግርሻል?

ስድስት። ይህን ቀረብ በዪና ስሚኝ። ሴት ልጅ አትገረዝም። «በስምንተኛው ቀን ትንሽ ብቻ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ አንቺንም እኔንም እንዲያ ብለውን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው እንደተገረዙ አሳይቷል፤ ብቻችንን አይደለንም። ቁስሉ ግን ሽንት መውጫው አጠገብ ነው፤ ለሽንት ኢንፌክሽንም፣ ለሽንት መታገድም በር ይከፍታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የተከለከለ ነው። አያትየዋን በፍቅር እምቢ በያት፤ እጇን ስመሽ እምቢ በያት፤ ግን እምቢ በያት።

ሰባት። ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። አንዱ ልጅ ሽንቱ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ከታወቀ፣ ከወንድም ከእህቶቹ ከአራቱ አንዱ ገደማ ተመሳሳይ ነገር ሊኖረው ይችላል። ለሐኪሙ ንገሪው። የተከታዩም ሕፃን ትኩሳት በቀላሉ አይታለፍ፤ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ሽንት ይሁን። እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የባልሽም ወገን አይደለም ያመጣው። ሲወለድ አጥሮ የተወለደ ቧንቧ ነው፣ በቃ።

ስምንት። ጠባሳ ያለበትን ልጅ እስኪያድግ አትልቀቂው። የጠባሳ ኩላሊት ዓመታት ዝም ይልና በኋላ ደም ግፊት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ግፊቱ ለልጅ በሚሆን መለኪያ ይለካ፣ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ይታይ፣ ቁመቱና ኪሎው ይመዝገብ። ሴት ከሆነች አድጋ ስታረግዝ ለአዋላጇ «በልጅነቴ ኩላሊቴ ተጎድቶ ነበር» ብላ እንድትናገር ዛሬ ንገሪያት፤ በእርግዝና ጊዜ ግፊቷ ሊጨምር ይችላል።

ይህን ሁሉ ካልጠበቅን መጨረሻው የት ሊደርስ እንደሚችል ታውቂያለሽ። ሁለቱም ኩላሊቶች ሲደክሙ ሰው በማሽን ይታጠባል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ ዕድሜ ልክ። ሌላው መንገድ ንቅለ ተከላ ነው። አገራችን በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆና ጀመረችው፤ ትልቅ ነገር ነው፣ እናመሰግናለን። ያም ሆኖ ኩላሊቱን የሚሰጥ በሕይወት ያለ ዘመድ ይፈለጋል፤ እናት ወይም ወንድም ሆዱን ተቀዶ ማለት ነው። አንድ ኩባያ ሽንት በጊዜ ማስመርመር ከዚህ ሁሉ ያድናል። ያንን ኩባያ ነው ከአንቺ የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አሁን ተነሺ፣ የኔ እናት። ነጠላሽን አጣፊ፣ የልጁን የክትባት ካርድ ያዢ፣ የመድኑን ካርድም ከሣጥኑ አውጪ። መንገድ ላይ አጥቢው። ትልቋን እኔ ጋ ተዪልኝ፣ ምሳዋን አበላታለሁ፤ ቡናውንም ስትመለሺ ነው የማፈላው። ስትመለሺ «መድኃኒት ምን ሰጡሽ?» ብዬ አልጠይቅሽም። «ሽንቱ ምን አለ?» ነው የምልሽ። መልስ ይዘሽ ነይ።